ቀን የምርምር ቢሮ፣ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፤ ሁለቱን አብሮ ያስኬደ አለ?

የብርዱ ልጅ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤቶች። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው፣ የምርምር አስተዳደር ክፍል። መሥሪያ ቤቱን አልጽፍም፣ ከተማችን ትንሽ ናት። ተመራማሪ አይደለሁም። የተመራማሪዎቹን ፕሮፖዛል የምቀበል፣ ገምጋሚ የማፈላልግ፣ በጀት ያለ ኮዱ እንዳይወጣ የምጠብቅ፣ ከዚያ ደግሞ "ዶክተር፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት የት ደረሰ?" እያልኩ ስልክ የምደውል ሰው ነኝ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሰው አሰልቺ ይለዋል እንጂ እኔ አልጠላውም። የተዝረከረከ ፋይል መልክ ሲይዝ ደስ የሚላት ዓይነት ነኝ።

ሁለተኛው ሥራዬ ቅዳሜ ጠዋት ይጀምራል፣ ደመወዝ የለውም። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በአካባቢያችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ እንዴት እንደተሣሉ እከታተላለሁ። አመሉ የጀመረኝ በልጅነቴ ነው። አያቴ ጣርማ በር አጠገብ ካለች አንዲት ደብር ይዛኝ ታስቀድስ ነበር (ስሟን አልጠቅስም፣ ሌባ በዝቷል)። ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ይቀራል። እኛ ሴቶች የምንቆምበት በደቡብ በኩል ሠለስቱ ደቂቅ አሉ፤ አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። እሳቱ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል፣ አንዱ ጉንጉን ቀይ፣ አንዱ ቢጫ። ገብርኤል ክንፉን ዘርግቶባቸዋል። ናቡከደነፆር በግራ በኩል ቁጭ ብሏል፣ በጎኑ ስለተሣለ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ከኋላው ወታደሮች ቆመዋል። ጠመንጃ ይዘው! ባቢሎን ውስጥ ጠመንጃ ከየት መጣ ብዬ አያቴን ብጠይቃት "ዝም በይ፣ ቅዳሴ ነው" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዝም አላልኩም።

አሁን አንድ ጽሑፍ ለጆርናል ልልክ ደርሻለሁ። እዚህ ላይ ነው የተምታታብኝ። ከስሜ ሥር ምን ብዬ ልጻፍ? የመሥሪያ ቤቴን ስም? አምና የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አንድ ጉባኤ ላይ አቅርቤ ነበር። ስመለስ አለቃዬ "ይሄ ከሥራ መዘርዝርሽ ውስጥ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። የትም የለም፣ ልክ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቢሮ ውስጥ ስለ ሥዕል ትንፍሽ አልልም። የሰረቅኩት ነገር ያለ ይመስል ደብቄ ነው የምሠራው።

ሰው ደግሞ "ፒኤችዲ ጀምሪና ተገላገይ" ይለኛል። ሁለቱን አብራችሁ ያስኬዳችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ያልተሳካላችሁም ንገሩኝ።

ጅሩ ሰንጋ | ማክሰኞ ማታ

እህት ዓለም፣ እኔ አብሮ ሲሄድ ያየሁት ሁለት ሥራ መምህርነትና ባጃጅ ነው 😄 ግን ጠመንጃው ገረመኝ። ፎቶ ካለሽ ልቀቂው።

አወያይ | ማክሰኞ ማታ

ፎቶ ከመለቀቁ በፊት፦ የደብሩን ስም፣ ወረዳውንና የዕቃ ቤቱን ሁኔታ የሚያሳይ ነገር እዚህ አይለጠፍም። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሰኔ 30 | ረቡዕ ጠዋት

ፋይናንስ ነኝ፣ ስሜ እንደሚነግራችሁ። የደረቀ መልስ ልስጥሽ።

ውልሽንና የመሥሪያ ቤቱን የምርምር መመሪያ አውጥተሽ አንብቢ። በእጅሽ ነው ያለው፣ ለሌሎች የምታስፈጽሚው አንቺ ነሽ። አብዛኛው መመሪያ የሚይዝሽ በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰዓትና በመሥሪያ ቤቱ ዕቃ የሠራሽው ላይ ነው። በቅዳሜሽ፣ በራስሽ ትራንስፖርት፣ በራስሽ ላፕቶፕ የሠራሽውን "ገለልተኛ ተመራማሪ" ብለሽ አውጪው። ጽሑፉ ወጥቶ ሲታይ መሥሪያ ቤቱ ስሙ እንዲገባ ከፈለገ ያኔ በደብዳቤ ይጠይቅሽ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ለሱፐርቪዥን ወደ ደብረ ሲና በኩል ስትወጪ መኪናውን "እግረ መንገዴን" ብለሽ ደብሩ ደጃፍ እንዳታቆሚ። ኪሎ ሜትሩ ይመዘገባል። ያኔ ጥናትሽ ጥናት መሆኑ ይቀርና የኦዲት ግኝት ይሆናል።

ጅሩ ሰንጋ | ረቡዕ ጠዋት

ስንቱ በመንግሥት መኪና ሠርግ ይሄዳል፣ አንተ እሷን ቤተ ክርስቲያን እንዳትሳለም ትከለክላለህ።

የብርዱ ልጅ | ረቡዕ ምሳ ሰዓት

@ጅሩ ሰንጋ ሰኔ 30 ልክ ነው ባክህ። አንድ ጊዜ ሹፌሩ ራሱ "እናቁም እንዴ?" ብሎኝ አልፈናል። በመስኮት እያየሁ አለፍኩ። ሆዴ ተቃጠለ፣ ግን ማታ በደንብ ነው የተኛሁት።

የመንዝ ባና | ረቡዕ ማታ

የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፣ አሁን ውጭ አገር። አንድ የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ የምርምር ፈንድ አስተዳድራለሁ። ከሥራ ውጪ የወንጌል ብራናዎችን ሥዕል አጠናለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፣ አልሞትኩም።

እህቴ፣ ማታ ብለሽ አትሞክሪው። ማታ ቢሮው ጭንቅላትሽ ውስጥ ገና አልወጣም። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ አንድ ሰዓት ተኩል እሠራለሁ። ቅዳሴ የሄድኩ ያህል እቆጥረዋለሁ። ኢሜይል አልከፍትም። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርቼ ያወጣሁት አንዲት አሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ናት። ዘመዶቼ "ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣኸው?" ይሉኛል። አዎ፣ ለዚህ ነው።

የኦርኪድ (ORCID) ቁጥር አውጪ፣ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ነው። ነጻ ነው፣ አሥራ ስድስት አሃዝ ነው፣ ከአንቺ ጋር እንጂ ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር አይሄድም። ሥራ ብትቀይሪም ጽሑፎችሽ አይበተኑም። ለምትሰበስቢያቸው ተመራማሪዎች "አውጡ" እያልሽ ለራስሽ ሳታወጪ እንደቀረሽ እወራረዳለሁ።

ደግሞ ያንቺን ግድግዳ ብቻ እያየሽ አትጻፊ። ሥዕል ይጓዛል። ሮም ላይ በ1590 እና 1591 እ.ኤ.አ. የታተመ የዐረብኛ ወንጌል አለ፣ ቴምፔስታ የሚባል ጣልያናዊ በሠራቸው የእንጨት ቅርጽ ሕትመቶች የተሞላ። የኛ ሠዓሊዎች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገኙት። ታሪኩን ወሰዱ፣ የሰውነቱን ጥላና ጡንቻ ግን ጣሉት፤ ልብሱን የኛ አደረጉት፣ ፊቱን ወደኛ አዞሩት። ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው የእመቤታችን ሥዕል ጋርም እንዲሁ ነው። ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) ቅጂውን ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ የተሣሉትን የእመቤታችንን ሥዕሎች እጇን እዪ፦ ሁለቱ እጆቿ ተደራርበዋል፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች። መሐረቡ ከሮም ነው የመጣው። እኔ ያንን መሐረብ ካወቅኩ በኋላ ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችውን የእናቴን የእመቤታችን ሥዕል እንደገና አየኋት። ሃያ ዓመት አጠገቧ ተኝቼ መሐረቡን አላየሁትም!

ማመሳከሪያ ከፈለግሽ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሰበሰቡት "መዝገበ ሥዕላት" የሚባል የፎቶ ክምችት በኢንተርኔት አለ። አዲስ አበባ ሳትወርጂ ብዙ ታያለሽ።

ዳዊት ደጋሚ | ሐሙስ ጠዋት

እህታችን፣ ፍላጎትሽን አከብራለሁ። ሁለት ነገር ግን ቅር ብሎኛል።

አንደኛ፣ "ሥዕል" ብቻ ብለሽ አታሳልፊው። ሥዕለ አድኅኖ ነው። ሰው የሚሰግድበት፣ የሚያለቅስበት ነው። መጋረጃው የተጋረደው እንዳይቆሽሽ ብቻ አይደለም፣ ክብር ነው። ካሜራ ይዞ ገብቶ መጋረጃ የሚገልጥ ሰው ስንት አየን። ሁለተኛ፣ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሕፈት ትተሽ መልክ መልኩን ካየሽ ግማሹን ጣልሽው። "ዘከመ" ብሎ ይጀምራል፣ ታሪኩን ይነግርሻል። ያሣለው ሰው እግራቸው ሥር ተደፍቶ ከተሣለ ደግሞ "ዘተማኅፀነ" ወይም "ዘተማኅፀነት" (የተማጸነ፣ የተማጸነች) የሚል ፈልጊ። ስሙ ግን የክርስትና ስሙ ነው። ወልደ ምንትስ፣ ወለተ ምንትስ። የዓለም ስሙን ከሰው አፍ ካልሰማሽ በስተቀር ማን እንደሆነ አታውቂም።

ግዕዝሽ እንዴት ነው?

የብርዱ ልጅ | ሐሙስ ማታ

እሺ፣ ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ግዕዜ ሽባ ነው፣ በመዝገበ ቃላት ይራመዳል። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው ያለኝ። ጽሕፈቱን ግን ሁሌም እገለብጣለሁ፣ የማላውቀውን ፊደል እንዳለ እሥለዋለሁ።

መጋረጃ እጄ ነክቶ አያውቅም። የሚገልጡልኝ ቄሰ ገበዙ ናቸው። የሰሜኑን ግድግዳማ ሴት ስለሆንኩ የማየው ከስንት አንዴ ነው፣ አንድ ዲያቆን ነው ፎቶ የሚያነሣልኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ እዚያ በኩል ነው ያለው። የፈረሱ ግማሽ ብቻ በስድስት ፎቶ አለኝ። ጭራውን ማንሣት ሁሌ ይረሳዋል።

ጠርጣራው | ሐሙስ ማታ

ሁሉም እያበረታታሽ ስለሆነ አንድ ሰው ደግሞ ይቃወም።

ገለልተኛ ተመራማሪ የሚባለው ነገር ላይ ያለኝ ቅሬታ የሚቆጣጠር ሰው ስለሌለው ነው። ጽሑፍሽን ገና በረቂቅ የሚያብጠለጥል ባልደረባ የለሽም። ያንን ጠመንጃ እንውሰድ። ምን ልትዪ ነው? "ወታደሮቹ የያዙት ውጅግራ ነው፣ ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግራ የተባለው ጠመንጃ ነው፣ ስለዚህ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ነው።" ያምራል። ግን ሠዓሊው ውጅግራና ምንሽር ለይቶ ነው የሣለው? ወይስ "ጠመንጃ" ብሎ አንድ እንጨትና አንድ ብረት ሠርቶ አለፈ? ወታደሮቹስ ከሥዕሉ እኩል የተሣሉ ናቸው ወይስ በእድሳት ጊዜ የተጨመሩ? ፒኤችዲ ጀምሪ የሚሉሽ ለዚህ ነው። የሚጠይቅሽ ሰው ያስፈልግሻል።

የብርዱ ልጅ | ሐሙስ እኩለ ሌሊት

@ጠርጣራው በቀጥታ እኔ የጻፍኩትን አረፍተ ነገር ነው የጻፍከው 🙈 ረቂቄ ውስጥ አለ፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

እድሳቱን አስቤበታለሁ። ሥዕሉ አቡጀዴ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፣ ስለዚህ ስፌቱን ፈለግኩ። ወታደሮቹና ንጉሡ ያሉበት ቁራጭ ከእቶኑ ጋር አንድ ነው፣ በመሀል ስፌት የለም። ይሄ ግን ከላዩ እንዳልተቀባ አያሳይም። የንጉሡ ካባ ሰማያዊ ነው፣ በጣም ደማቅ፣ ለልብስ ማንጫ ይሸጥ የነበረውን ዱቄት የመሰለ። እንዲህ ያለው ሰው ሠራሽ ሰማያዊ ፈረንሳይ አገር የተገኘው በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ካባው ከዚያ በኋላ ነው ማለት እችል ይሆናል፣ ያውም በዓይኔ ብቻ ፈርጄ። ስለ ጠመንጃው ግን አንተ ትክክል ነህ። አረፍተ ነገሩን ሰርዤዋለሁ። አሁን ራሱ፣ አልጋ ላይ ሆኜ።

ፒኤችዲውን በተመለከተ፦ ደመወዜን የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች አሉ። በቃ ይሄው ነው መልሱ።

ሸንኮሬው | ዓርብ ጠዋት

@ጠርጣራው የምትለው ይገባኛል፣ ግን የዚህ ጥናት ታሪክ ራሱ ከአንተ ጋር አይስማማም። ስታኒስዋቭ ሆይናትስኪ የሚባሉት ፖላንዳዊ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ማንም ሊዘለው የማይችል መጽሐፍ በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ምን ነበሩ? የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ! መጽሐፍ መመዝገብ፣ መደርደሪያ ማደራጀት፣ በጀት መለመን ነበር ሥራቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሙዚየሙን ያደራጁትም እሳቸው ናቸው። ሥዕሎቹን ይሰበስቡ የነበሩት ካታሎግ በለመደ እጅ ነው።

የኛው የሸንኮራ ልጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም አሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሸዋ ገዳማትና አድባራት ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ፊልሞቹ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን እያገላበጡ ካታሎግ የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ያውም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው። ካታሎግ ማለት ምንድን ነው? ቁጥር፣ መጠን፣ የቅጠል ብዛት፣ የት ተገኘ፣ ምን ተጻፈበት። ከቢሮ ሥራ ምን ለየው?

ጠርጣራው | ዓርብ ጠዋት

ሐቅ ነው። ግን ለፕሮፌሰሩ ካታሎጉ የሚከፈላቸው ሥራ ነበር፣ የቅዳሜ ሥራ አይደለም። ግዕዙንም ከየት ጀምረው እንደተማሩት ታውቃለህ። ከሷ ጋር ማወዳደር ይከብዳል።

ሸንኮሬው | ዓርብ ጠዋት

እሱስ እውነትህን ነው።

ጥያቄ ብቻ | ዓርብ ከሰዓት

ይቅርታ፣ ምንም አላውቅም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ መላእክት ያሉበት ማለት ነው? ደብረ ብርሃን ከሆንሽ እሱን ለምን አታጠኚም?

የብርዱ ልጅ | ዓርብ ከሰዓት

ይሄን ጥያቄ በዓመት አሥር ጊዜ እመልሳለሁ፣ አትፈር 😄 የመላእክቱ ጣሪያ ያለው ጎንደር ነው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተባለው የአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ደብር። የኛ ከተማ ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ብርሃን ወርዶ ታየባት ብለው የቆረቆሯት ናት። እኛም የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለን። በኢንተርኔት የኛን ስትፈልግ የጎንደሩ ጣሪያ ይመጣብሃል። አንዴ ቢሯችን ያሳተመው ብሮሹር ላይ ጭምር የጎንደሩ መላእክት ወጥተው አይቻለሁ። ሪፖርት አላደረግኩም፣ አምረው ነበር።

ዘርዐ ያዕቆብን ካነሣን አይቀር፣ የእመቤታችንን በዓላት ያበዙት፣ ተአምሯ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የእመቤታችን ሥዕል በዚያ ዘመን እንዲያ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ከብርዱ ሌላ የምንኮራበት ነገር አለን ለማለት ነው።

የመንዝ ባና | ዓርብ ማታ

@የብርዱ ልጅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎቶዎችሽን እንዴት ነው የምታስቀምጪው? የብዙዎቻችን ጥፋት እዚያ ጋ ነው።

የብርዱ ልጅ | ቅዳሜ ማታ

ቁስሌን ነካኸው።

ከሦስት ዓመት በፊት ስድስት መቶ የሚጠጋ ፎቶ ነበረኝ። የነበረው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው። አዎ @ሰኔ 30፣ አውቃለሁ፣ አትናገር። ሰኔ መጨረሻ ላይ የንብረት ቆጠራ መጣ፣ ኮምፒውተሮቹ ተሰብስበው ፎርማት ተደረጉ። ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር፣ እኔ ግን በጀት መዝጊያ ስለነበር ቀና ብዬ ሰሌዳ አላየሁም። ሐምሌ 1 ኮምፒውተሩን ስከፍተው ዴስክቶፑ ላይ ያለው የቆሻሻ ቅርጫቱ ብቻ። ማንን እወቅሳለሁ? አለቀስኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ የአዲሱን ዓመት ዕቅድ መሥራት ጀመርኩ።

አንድ የታተመ አርባ ገጽ ወረቀት ብቻ ቀረኝ። እሱን ሳገላብጥ ደግሞ የባሰው መጣ። ፎቶዎቹ ቢኖሩ ኖሮ እንኳ ግማሹ የት እንደተነሣ አላውቅም ነበር! "አንድ ቅዱስ፣ ምናልባት ዮናስ" ብዬ የጻፍኩበት አለ። ዮናስ ነው ያልኩት ዓሣ ስላለ ነው። ዓሣ የያዘው ግን ጦቢት ውስጥ ያለው ጦብያም ሊሆን ይችላል እኮ!

እና ምን አደረግኩ? ቢሮ የምንጠቀምበትን የፕሮፖዛል ማጣሪያ ቅጽ ወሰድኩ። ያውቃል የሠራ ሰው፣ "ተሟልቷል፣ አልተሟላም" እያልን የምንሞላውን። "የዋና ተመራማሪው ስም" የሚለውን ሰርዤ "በሥዕሉ መሀል ያለው ማን ነው" አልኩት። "አባል ተመራማሪዎች" የሚለው "በግራና በቀኝ ያሉት" ሆነ። "የጥናቱ ቦታ" የሚለውን የግድግዳው አቅጣጫ አደረግኩት፣ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በክንድ። ከዚያ ጽሕፈቱ እንዳለ። ፊቱ ሙሉ ነው ወይስ በጎን፣ ስንት ዓይን። ጉዳቱ፦ ርጥበት፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የዕጣን ጥላሸት፣ የምስማር ቀዳዳ። ማን ፈቀደ፣ በምን ቀን። "በጀት" የሚለውን መሰረዝ አቅቶኝ ትቼዋለሁ፣ የአውቶቡስ ዋጋ እጽፍበታለሁ። አሥራ አንድ ሳጥን ሆነ። ካልሞላሁት ፎቶውን አላነሣም። ይሄ ሕግ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ጥናት የመሰለኝ። ሠላሳ ስምንት ቅጽ ሞልቼ ጎን ለጎን ስዘረጋቸው፣ ገብርኤልን ከሠለስቱ ደቂቅ ጋር ያየሁት አሥራ አንድ ቦታ ነው፣ ከአሥራ አንዱ በዘጠኙ እቶኑ ዙሪያውን የተገነባ እንጂ ጉድጓድ አይደለም። የኛ አገር የሸክላ መተኮሻ ሳይሆን ዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ነው የሚመስለው። ለምን? አላውቅም ገና። ግን ቅጹ ባይኖር ይህን ጥያቄ ራሱ አልጠይቀውም ነበር።

ሰኔ 30 | ቅዳሜ ማታ

ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልልም።

ምንም አላልኩም።

ቅጹን ላኪልኝ።

ጅሩ ሰንጋ | ቅዳሜ ማታ

ቅጽ የሚለምን ፋይናንስ ዛሬ አየሁ። ታሪክ ነው።

ዳዊት ደጋሚ | እሑድ ከሰዓት

ከቅዳሴ ተመልሼ አነበብኩት። ጥሩ ሥራ ነው፣ እግዚአብሔር ያስፈጽምሽ። ሁለት ነገር ልጨምር። ከቄሰ ገበዙ ፈቃድ ሌላ የሰበካ ጉባኤውን ደብዳቤ ያዢ፣ ከሀገረ ስብከትም ካገኘሽ የተሻለ ነው። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፣ ካሜራ ይዘሽ የታየሽው አንቺ ነሽና። ሁለተኛ፣ የሞላሽውን ለደብሩ ስጪ። ስንቱ መጥቶ አንሥቶ ሄዷል፣ አንዲት ወረቀት የተወልን የለም።

ሰኔ 30 | እሑድ ማታ

ደብዳቤ ላይ ከተነሣ የመንግሥቱንም አትርሺ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ ለማጥናት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምሠራው ማለት አያድንሽም፣ አዋጁ ቅዳሜን አይለይም። አንቺ ደግሞ ለሌሎች የምታስጨርሺው ወረቀት ስለሆነ ለራስሽ መጨረስ አይከብድሽም።

የብርዱ ልጅ | ሰኞ ጠዋት

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለሌላው ሰው "ያለ ፈቃድ ደብዳቤ አንቀበልም" የምለዋ እኔ፣ ለራሴ አንድ ደብዳቤ የለኝም። ዛሬ እጀምራለሁ። በምሳ ሰዓቴ።

የብርዱ ልጅ | ከአምስት ሳምንት በኋላ

ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ነው የተመለስኩት።

የቅርስ ፈቃዱ ደረሰኝ። የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤም ደረሰኝ፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ። ስሜ ሥር "ገለልተኛ ተመራማሪ፣ ደብረ ብርሃን" ብዬ ጽሑፉን ላክሁ፣ ኦርኪድ ቁጥሬን ይዤ። ለአለቃዬም ነገርኳቸው፣ ከመላኬ በፊት፣ በአንድ ገጽ ማስታወሻ፦ በየትኛው ቀን፣ በማን ገንዘብ፣ በማን ዕቃ። አነበቡት። "ፋይል ይደረግ" ብለው ፈረሙበት። ጥሩ ነው አላሉም፣ መጥፎ ነው አላሉም። እኔ ግን ደብቄ መሥራት ቀረልኝ።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ጣርማ በር ሄድኩ። ጉሙ እንደምታውቁት ነው፣ ከዋሻው መውጫ እስከ ደብሩ እጄን አላየሁም። የሞላኋቸውን ቅጾች ቅጂ በክላሰር አድርጌ ለቄሰ ገበዙ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። "ስለቱን የት ነው የምትጽፊው?" አሉኝ።

"የምን ስለት አባ?"

እጄን ይዘው ወደ ሠለስቱ ደቂቅ ወሰዱኝ። መጋረጃውን ገለጡ። ከሥሩ ሌላ መጋረጃ አለ። እሱንም ገለጡ፣ ከሥሩ ሌላ። ሰባት ናቸው! እኔ ሁሌ አንድ ላይ ስለሚገልጡልኝ አንድ ወፍራም መጋረጃ ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዱ የስለት ነው። የላይኛው አምና ከአረብ አገር በሰላም የተመለሰች ልጅ ያመጣችው፣ ፖሊስተር፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ከሱ ሥር አንድ አባት ልጃቸው ከጦር ሜዳ ሲመለስ ያስገቡት። እየወረደ ይሄዳል። አራተኛው ላይ ሲደርሱ "ይቺ የአያትሽ ናት" አሉኝ። ቀይ ግምጃ፣ ጠርዙ የተበላ። በምን ምክንያት እንዳስገባች አያውቁም። እኔም አላውቅም። ነግራኝ አታውቅም።

የመጨረሻው፣ ግድግዳውን የነካው፣ ጥጥ ነው፣ በእጅ የተሸመነ፣ ከዕጣን ብዛት ቡናማ ሆኗል። እሱ ሲገለጥ በታችኛው ጠርዝ በኩል እስከዛሬ ያላየሁት ጽሕፈት ወጣ። "ዘተማኅፀነት" ይላል። ሴት ናት። ከዚያ "ወለተ" ይልና ቀሪውን የምስማር ቀዳዳ በልቶታል።

አሥራ ሁለተኛ ሳጥን ጨመርኩ።

ዳዊት ደጋሚ | ያው ቀን

የጽሕፈቱን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። "ወለተ" ካለ በኋላ የፊደል ጫፍ እንኳ ቀርቶ ከሆነ ሊነበብ ይችላል።

ጅሩ ሰንጋ | ያው ቀን

ጠመንጃውስ? ውጅግራ ነው አይደለም?

የብርዱ ልጅ | ያው ቀን

ጨለማ ነበር። ሰባቱም መጋረጃ ወደዚያ በኩል ተሰብስቦ ወታደሮቹን ጋርዷቸዋል። ቅዳሜ እመለሳለሁ፣ ባትሪ ይዤ።